እጅ መፍቻ ቋንቋ፦ ለጅማ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ለጤና ጽሕፈት ቤቱና ለከተማዬ ሰዎች

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ጨርቅ እሸጣለሁ። መስማት የተሳናት የ11 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ከእሷ በታች የ8 ዓመት ወንድም አላት። ይህን የምጽፈው ለልጄ እርዳታ ለመጠየቅ አይደለም። የምጠይቀው ለእኛ ነው፤ ለእኔ፣ ለአባቷ፣ ለወንድሟና ለአያቷ። የምልክት ቋንቋ አስተምሩን። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። ልጄ አምስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ጠዋት ጠዋት ወደ ሱቅ ስወጣ ታለቅስ ነበር። የማን ልጅ አያለቅስም ትሉኝ ይሆናል። የእሷ ግን ሌላ ነበር። በሩን ይዛ፣ ቀሚሴን ጨምድዳ፣ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ነበር የምታለቅሰው። እኔ እልኸኛ ናት እል ነበር። አንዳንዴም እቆጣት ነበር፣ ይህን ስጽፍ አሁንም ሆዴን ይበላኛል። በኋላ ነው የገባኝ። ለዚህች ልጅ “ማታ እመለሳለሁ” ብሏት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ በአፌ ብያት ነበር፣ ሺህ ጊዜ። ግን አልደረሳትም። ማታ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ነገ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ስለዚህ እኔ በሩን ዘግቼ በወጣሁ ቁጥር ለእሷ እናቷ ጠፋች ማለት ነበር፣ ያውም በየቀኑ፣ ዓመታት ሙሉ። “ማታ” እና “እመለሳለሁ” የሚሉትን ሁለት ምልክቶች ተምሬ እሷንም ካስተማርኳት በኋላ፣ በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ በሩ ላይ ቆማ እጇን አውለበለበችልኝ። በቃ። ለቅሶው አለቀ። ያን ቀን ሱቅ ደርሼ በሩን መክፈት አቅቶኝ ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ እኔ አለቀስኩ።

ሁለት ምልክት ነው። ለሁለት ምልክት አምስት ዓመት ጠበቀች።

ከመጀመሪያው ልነሳ። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቤት ውስጥ ተጯጩኸን ነው የምንሰማማው። ልጄ ገና ሕፃን እያለች፣ ነጎድጓዱ ቤቱን ሲያነቃንቅ የጎረቤቴ ሕፃን ብርግግ ብሎ ያለቅሳል፣ የእኔዋ ጣቶቿን እያየች ትጫወታለች። “እንዴት ያለች ረጋ ያለች ልጅ ሰጠሽ” ይሉኝ ነበር፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ዓመት ሞላት፣ እማማ አላለችም። ዓመት ተኩል ሆናት፣ ሁለት ሆናት። “አባቷም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው” አሉኝ። ከሰፈሩ ግማሹ ጸበል ውሰጃት አለኝ፣ ግማሹ ዱዓ ይደረግላት አለኝ፤ ሁለቱንም አደረግሁ። በዚህ ማንንም አልወቅስም፣ ሁሉም ከልባቸው ነበር።

የምወቅሰው ሌላ ነው። አንድ የጤና ተቋም ወሰድኳት። እዚያ ያገኘኋት ባለሙያ ከልጄ ጀርባ ቆማ አጨበጨበች። ልጄ ዞረች። “ይኸው ትሰማለች፣ አትቸኩይ፣ ታወራለች” ብላ ሸኘችን። መስማት የተሳነው ልጅ ዓይኑ ጆሮውም ነው፤ የሰውን ጥላ ያያል፣ በእጅ ጭብጨባ የሚነሳው ንፋስ አንገቱ ላይ ይሰማዋል፣ የእናቱን ዓይን ተከትሎ ይዞራል። በጭብጨባ የሕፃን ጆሮ አይመረመርም። በዚያች አንዲት ጭብጨባ ተማምኜ ዓመት ከምናምን ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናት አዲስ አበባ ወሰድናት። ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ በአውቶቡስ፣ ልጅ ታቅፎ። ልጅቷን አስተኝተው ግንባሯና ጆሮዋ አካባቢ ገመድ ለጠፉባት። በጆሮዋ ድምፅ እየላኩ ነርቯ መልስ መስጠት አለመስጠቱን ማሽኑ ላይ አዩ። ከዚያ ተጠራሁ። “በሁለቱም ጆሮዋ ከባድ የመስማት ችግር ነው ያለባት። መሣሪያ ይገዛላት።” አንድ ወረቀት ተሰጠኝ። ውጭ ወረፋው ረጅም ነበር፣ አምስት ደቂቃ የቆየሁ አይመስለኝም። ወረቀቱን አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከትቼ ወደ ጅማ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የማመነዥገው፦ ምን አጥፍቼ ነው?

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ልመናዬ። “ልጅሽ አትሰማም” ከተባለ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ለእናት ስጧት። ሐኪሙ ጊዜ ከሌለው ሌላ ሰው ይስጣት። የሚቻል ከሆነ ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ አልፋ የመጣች ሌላ እናት ትስጣት። ሦስት ነገር ብቻ ትንገራት። አንደኛ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የሚባል ሙሉ ቋንቋ አለ፣ ልጅሽ እሱን ከማንም ልጅ እኩል መፍታት ትችላለች። ሦስተኛ፣ ዛሬውኑ ጀምሪ። እኔ እነዚህን ሦስት ነገሮች የሰማሁት ከዚያ ወረቀት ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው። የነገረችኝም ባለሙያ አይደለችም።

ስለ መንስኤው ካነሳሁ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እርግማን የሚለው ወሬ በየቤቱ እናቶችን እየበላ ነው። ልጅ የመስማት ችሎታውን በማጅራት ገትር ሊያጣ ይችላል። በኩፍኝ ሊያጣ ይችላል። ጆሮው እየመገለ “ያልፍለታል” ሲባል ከርሞ ሊያጣ ይችላል። ያለ ጊዜው ተወልዶ፣ ወይም በተወለደ ሰሞን የያዘው ቢጫነት በጊዜ ሳይታከም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ጄንታማይሲንን የመሰሉ ሕይወት የሚያድኑ መርፌዎችም አንዳንዴ ጆሮን ይጎዳሉ። ከዘርም ይመጣል፣ ያውም ሁለቱም ወላጆች ደህና እየሰሙ። የዓለም ጤና ድርጅት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉ መከላከል በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው ይላል። እንግዲህ እርግማኑ የታለ? ክትባት ነው፣ የጆሮ ሕክምና ነው፣ የእናቶች ክትትል ነው።

የጤና ጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ ርካሽ ነው። ሕፃን በ9 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ይመጣል፣ በ15 ወሩም ይደገማል። ያኔ ካርዱን የምትሞላው ባለሙያ እናትየዋን ሁለት ጥያቄ ትጠይቃት፦ ከጀርባው ስትጠሪው ይዞራል ወይ? ሳያይሽ ድምፅሽን ሲሰማ ይረጋጋል ወይ? ጥርጣሬ ካለ “ቆዪ” አትበላት፣ ትላካት። ሌላ አገር ሕፃን በተወለደ በአንድ ወሩ ጆሮው በመሣሪያ ይታያል፣ በሦስት ወሩ ይለያል፣ በስድስት ወሩ እርዳታ ይጀመርለታል። እኛ እዚያ እስክንደርስ የ9 ወሩ ክትባት እጃችን ላይ ነው። ጅማ ደግሞ እንደሌላ ከተማ አይደለችም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ በማስተማር የታወቀ ነው፤ በየሰፈራችን ቤት ለቤት እየዞሩ ስንት ነገር ሲጠይቁን ኖረዋል፣ የመጸዳጃ ቤታችንን ሁኔታ ሳይቀር። በዚያ መጠይቅ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ እዚህ ቤት ስሙን ሲጠሩት የማይዞር ልጅ አለ ወይ? እኔ ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አንድ ተማሪ ደጄን አንኳኩቶ ይህን ቢጠይቀኝ ኖሮ ብዬ ስንቴ አስቤያለሁ።

ስለ መስሚያ መሣሪያው። ገዛንላት፣ ተበድረን። ሰው ሁሉ መሣሪያ ሲባል እንደ መነጽር ይመስለዋል፣ አደረግሽው፣ አየሽ። እንደዚያ አይደለም። መሣሪያው ድምፅን ያጎላል እንጂ ጥርት አያደርገውም። ለአንዳንድ ልጅ በጣም ይጠቅማል፣ የማውቀው አንድ ልጅ በእሱ ሬዲዮ ይሰማል። ለእኔዋ ልጅ የበር መዘጋትና የመኪና ጥሩንባ ሰጣት፣ ቃል ግን አልሰጣትም። ይህን አስቀድሞ የነገረን አልነበረም። ባትሪው የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነች፤ ከጀርባዋ ያለችው ወረቀት አንዴ ከተላጠች መሣሪያው ቢዘጋም ባትሪዋ ማለቋን አታቆምም። የልጅ ጆሮ ያድጋል፣ ስለዚህ በጆሮዋ ልክ ተቀርጾ የሚገባው ክፍል በየጥቂት ወሩ ይጠብባታል፣ ሲጠብ ያፏጫል፣ ሲያፏጭ ልጆች ያሾፉባታል፣ እሷም አውልቃ ትወረውረዋለች። ከዚህ ሁሉ በላይ የእኛ የጅማ እርጥበት አለ። ክረምት ላይ መሣሪያው ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። እኔ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጡ ትንንሽ ከረጢቶች ከመርካቶ ጫማ ሻጮች እየለመንኩ፣ ማታ ማታ መሣሪያውን ከእነሱ ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ይህን ዘዴ ለሌሎች እናቶች ነግሬያለሁ፣ እዚህም የጻፍኩት ለዚያ ነው። ባትሪውም ሆነ የጆሮ ልኩ እዚሁ ጅማ እንዲገኝ ማድረግ ከባድ ነገር አይመስለኝም። ለአንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ የብዙ ቤተሰብ አቅም አይደለም፤ ስለዚህ መሣሪያው በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

እሁድ ከሰዓት እቤታችን ቡና ይፈላል። አማቴ ትመጣለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ፈንዲሻው ይቀርባል። ያው እንደምታውቁት ጨዋታ ከቡናው በላይ ነው። ማን አገባ፣ ማን ታመመ፣ ዘንድሮ ቡና በስንት እየተሸጠ ነው፣ የእከሌ ልጅ ውጭ ወጣ። ልጄ መሀላችን ትቀመጣለች። ዓይኗ ከአፍ ወደ አፍ ይሮጣል። አቦል ላይ እጄን ትነካኛለች፦ ምን አሉ? “ቆይ፣ እነግርሻለሁ።” ቶና ላይ ሁላችንም እንስቃለን፣ እሷም አይታን ትስቃለች፣ በምን እንደሆነ ሳታውቅ። እንደገና ትነካኛለች። “ቆይ።” በረካ ላይ ጨዋታው አልቋል፣ ሰው ተመራርቆ እየተነሳ ነው። ያኔ ወደ እሷ ዞሬ ምን እላለሁ? የአንድ ሰዓት ጨዋታ በምን ልጀምርላት? “ምንም አይደለም” እላታለሁ። ዓመታት እንዲህ አልኳት። ምልክት ቋንቋ ስትችል፣ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆናት፣ አንድ እሁድ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ መጥታ ጠየቀችኝ፦ “‘ምንም’ ለምንድን ነው የሚያስቃችሁ?”

ከልቧ ነበር የጠየቀችኝ። “ምንም” የሚባል የሚያስቅ ነገር ያለ መስሏት ነው።

ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች መስማት ለተሳናቸው ልጆች ልዩ ክፍል ሲከፍቱ፣ መምህር ሲመድቡ ደስ ይለኛል፣ አመሰግናለሁም። ግን ልጄ ትምህርት ቤት የምትውለው ስንት ሰዓት ነው? ቅዳሜ፣ እሁድ፣ በዓል፣ ክረምት፣ ማታ፣ ሕመም፣ ሐዘን፣ ሠርግ፣ ቡና፤ ይህ ሁሉ ያለው ቤት ነው። መስማት ከተሳናቸው 10 ልጆች ውስጥ 9ኙ ወይም ከዚያ በላይ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ማለትም ቋንቋቸውን ከማይችል ሰው ቤት ነው የሚያድጉት። ክፍል ውስጥ ሰው ሆና ውላ ማታ እቤቷ እንግዳ ትሆናለች። አስቡት እስቲ፣ በገዛ እናቷ ቤት።

እኛ ቋንቋን “አፍ መፍቻ” እንላለን። ልጅ ሲያወራ “አፉን ፈታ” እንላለን። የልጄ አፍ አይደለም የተፈታው፣ እጇ ነው። ያም ቢሆን መፈታት ነው። የሚሰማ ሕፃን ከመናገሩ በፊት “ባ ባ፣ ዳ ዳ” እንደሚለው ሁሉ፣ ምልክት የሚጠቀም ሰው መሀል ያለ ሕፃን በጣቶቹ መንተባተብ ይጀምራል። የተረጋገጠ ነገር ነው። አእምሮ ቋንቋ የሚጠብቀው በጆሮ ብቻ አይደለም፣ በዓይንም ይቀበላል። የማይጠብቀው ጊዜን ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ያለ ቋንቋ ካለፉ የሚጎድለው ንግግር ብቻ አይደለም፤ ማሰላሰል፣ መቁጠር፣ ነገን ማሰብ፣ የሌላውን ሰው ሐሳብ መገመት አብሮ ይንገዳገዳል። ከዚያ ሰው “ጭንቅላቷም ነው” ይላል። ጭንቅላቷ ደህና ነበር። ቋንቋ ነው የከለከልናት።

“ምልክት ከለመደች መናገር ትተዋለች” የሚል ምክር ብዙ እናቶች ይሰጣቸዋል። እኔም ተሰጥቶኛል፣ ለዚያ ብዬ ልጄን እጇን ስታንቀሳቅስ የያዝኩባት ጊዜ ነበር። እጇን። ያ ምክር እውነት አይደለም። ምልክት ንግግርን አይገድልም፤ እንዲያውም አንድ ቋንቋ በደንብ ያለው ልጅ ሁለተኛውን ለመማር ይቀለዋል። ይህን ለጅማ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል እንዴ? እኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀልን የምንውል ሰዎች ነን። ገበያ ላይ በአንዱ እንጠራለን፣ በሌላው እንከራከራለን። ልጆቻችን ሁለቱንም አፍ መፍቻ አድርገው ያድጋሉ፣ አንዱ ሌላውን ሲገድል አላየንም። ሦስተኛው ለምን ያቅተናል?

ያስተማረችኝ መስማት የተሳናት ልብስ ሰፊ ነች። ጨርቅ ልትገዛ ሱቄ ስትመጣ ልጄ እዚያ ነበረች። ሴትየዋ ልጄን አየቻት፣ እጇን አነሳችላት። ልጄ አምስት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ዓይን አደረገች። እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም፣ ከሩቅ አገር ዘመድ የመጣላት ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትየዋ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣች እኔንና ልጄን አስተማረችን። የልጄን ስም በጣት ፊደል መጻፍ አሳየችኝ። ያን ያህል የሚያምር ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ደግሞ እጁ በሚንቀሳቀስበት አኳኋን ይለያያሉ፤ “ለ”ን የያዘ እጅ ሲንቀሳቀስ “ሉ”፣ “ሊ”፣ “ላ” እያለ ይሄዳል። የራሳችን ፊደል ነው፣ በእጅ የተጻፈ። ለልጄም የምልክት ስም አወጣችላት፣ ጉንጯ ላይ ካለው ስርጉድ የተነሳ። ለእኔም አወጣችልኝ። ልጄ “እማማ” ብላ ጠርታኝ አታውቅም፣ በዚያ ስም ግን ትጠራኛለች፣ ቀኑን ሙሉ፣ እንደማንኛውም ልጅ እስኪሰለቸኝ።

ከዚያ ወሬው ተሰማ። አንዲት እናት ከመንደራ መጣች፣ አንድ አባት ከጂሬን፣ አንዲት አያት ከቦሳ አዲስ። አሁን ዘጠኝ ቤተሰብ ነን። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ ውስጥ በጨርቅ ጥቅል መሀል እንማራለን። አንድ ነገር ልብ ብያለሁ፣ ዝም ብዬ አላልፈውም። ከዘጠኙ ቤት የሚመጡት አባቶች ሁለት ብቻ ናቸው። የልጄ አባት መጀመሪያ “አንቺ ተማሪ፣ አንቺ ትነግሪኛለሽ” አለኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ ልጁን ይወዳል። ግን ልጁን ለመውደድ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አባት ሆኖ ነበር። አሁን ይመጣል። እጁ ቀስ ይላል፣ ይሳሳታል፣ እሷ ታርመዋለች። ልጅ አባቷን ስታርም ማየት እንዴት ደስ እንደሚል።

ወንድሟ ደግሞ ከሁላችንም ይበልጣል፣ ልጅ ስለሆነ እጁ ላይ ቶሎ ገባለት። በዚህም ምክንያት የማይገባውን ሸክም ተሸከመ። አንድ ቀን ሆዷን በጣም አሟት አባቷ ጤና ተቋም ወሰዳት፣ እኔ አልነበርኩም። ሐኪሙ የት ነው የሚያምሽ፣ መቼ ጀመረ፣ ምን በላሽ ይላል፤ የሚያስተረጉመው ያኔ የ7 ዓመት ልጅ ነው። ተሳስቶ ቢተረጉምስ? አንዲት ሴት ልጅ ከፍ ስትል ለሐኪም የምትናገረውን በታናሽ ወንድሟ አፍ ነው ወይ የምትናገረው? በየጤና ተቋሙ አስተርጓሚ ይቀመጥ ብል አቅም የለም ትሉኛላችሁ። ቢያንስ በትልልቆቹ አንድ ሠራተኛ መሠረታዊ የምልክት ቋንቋ ይሠልጥን።

ሌላም አለ፣ ለመጻፍ ይከብደኛል። ክፉ ሰው መናገር የማይችል ልጅ ይመርጣል። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አንናገረውም እንጂ። ቋንቋ የሌላት ልጅ “እንዲህ አደረገኝ” ማለት አትችልም። “ሰውነትሽ የራስሽ ነው፣ ማንም እንዲህ ቢያደርግ ለእኔ ንገሪኝ” ተብላም አታውቅም። ስለ ወር አበባ ማን ይነግራታል? ልጄ 11 ዓመቷ ነው። እኔ ነገርኳት፣ በእጄ፣ ማታ መብራት አብርተን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብለን። ለማውቃቸው ሌሎች ሴት ልጆች የነገራቸው የለም፣ እናቶቻቸው ቃሉን አያውቁትማ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ የሚሆን አንድ መማሪያ ክፍል ስጡን። ቤተሰብ ይማርበት፤ ወላጅ፣ ወንድምና እህት፣ አያት፣ የሚፈልግ ጎረቤትም። የሚያስተምሩን ደግሞ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸው ይሁኑ፣ ይከፈላቸውም። በነፃ አይደለም። ያቺ ልብስ ሰፊ ለእኛ ስትል የምትተወው የቅዳሜ ገበያዋን ነው፤ እኛ አዋጥተን ትንሽ እንሰጣታለን፣ ግን ይህ የመንግሥት ሥራ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። አንቀጽ 24 መንግሥት የምልክት ቋንቋ ትምህርትን እንዲያመቻች፣ የምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራንን፣ አካል ጉዳተኛ መምህራንን ጨምሮ፣ እንዲቀጥር ይላል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ይደረጋል ይላል። አንድ ክፍል፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና ለአንድ አስተማሪ የቅዳሜ ክፍያ የጅማን አቅም የሚያልፍ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፤ ከዚያ የተመረቁትን ወደዚህ መጥራት ይቻላል። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም አለ፣ ጻፉላቸው።

“ለዘጠኝ ቤተሰብ ክፍል?” የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ዘጠኙ እኔ በወሬ ብቻ ያገኘኋቸው ናቸው። ስንቱ በጓሮ ተቀምጦ እንዳለ አስቡ። ደግሞ ልጆች ሲሰበሰቡ የሚሆነውን አትናቁት። ኒካራጓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ፣ እየቤታቸው ተለያይተው ያደጉ መስማት የተሳናቸው ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ። አስተማሪዎቹ ከንፈር ንባብ ሊያስተምሯቸው ሲደክሙ፣ ልጆቹ በግቢው ውስጥና በአውቶቡስ ላይ የራሳቸውን የምልክት ቋንቋ ፈጠሩ፣ ዛሬ የዓለም የቋንቋ ምሁራን የሚያጠኑትን። ልጆች ይህን ያህል ይችላሉ። የእኛዎቹም ሱቄ ውስጥ ሲገናኙ ማየት ነው። ከጨርቁ ጥቅል ላይ ወጥተው እጃቸው አያርፍም፤ እኛ ወላጆች ደክሞን ልንበተን ስንል አይለያዩም።

አንዳንዶች ሆሳዕና ያለው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ላኪያት ብለውኛል። ጥሩ ስም ያለው ትምህርት ቤት ነው። የላኩ ወላጆችን አከብራለሁ፣ ቀላል ውሳኔ አይደለም። እኔ ግን ልጄ ቋንቋ ለማግኘት ብላ እናት ማጣት አለባት ወይ እላለሁ። ሁለቱንም ማግኘት አለባት፣ እዚሁ ጅማ።

ለጎረቤቶቼና ለከተማዬ ሰዎችም ጥቂት ላክል። “ዱዳ”፣ “ደንቆሮ” አትበሏት። አፋችሁን እንዳነበበች እወቁ፤ እነዚህን ሁለት ቃላት በከንፈር ለይታ ታውቃቸዋለች፣ ከሌሎች ቃላት ቀድማ። ስታናግሯት ፊት ለፊቷ ሁኑ፣ ብርሃን ከጀርባችሁ አይሁን፣ አትጩኹ፣ ጩኸት አፍን ያጣምማል እንጂ አይጠቅማትም። ልትጠሯት ስትፈልጉ ትከሻዋን ነካ አድርጉ ወይም እጃችሁን አውለብልቡ፣ ነገር አትወርውሩባት። የባጃጅ ሾፌሮች፣ ጥሩንባ የማይሰማ ልጅ በመንገዳችን አለና እባካችሁ ትምህርት ቤት አካባቢ ቀስ በሉ። “አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል” ብላችሁ ከንፈር የምትመጡልኝም ከልባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከንፈር ከመምጠጥ “ሰላም” የሚለውን ምልክት ተማሩልኝ። አንዷ ጎረቤቴ፣ በርበሬ የምትሸጥ፣ ተምራው በየጠዋቱ ለልጄ ከደጇ ሰላም ትላታለች። ልጄ በሌላ መንገድ ትምህርት ቤት መሄድ አትፈልግም።

የካቲት 24 የዓለም የመስማት ቀን ነው፣ መስከረም 13 ደግሞ የምልክት ቋንቋዎች ቀን። ባነር ከማውጣት በእነዚህ ቀኖች የክፍሉን ቁልፍ ብትሰጡን ደስ ይለናል። ቀኑን አትጠብቁ ካላችሁ ደግሞ የሚቀጥለው ቅዳሜ ይሻላል። ጠመኔ እኛ እናመጣለን።

መልሳችሁን እባካችሁ በጽሑፍ አድርጉት። በስልክ ከሆነ እኔ ሰምቼ ነው የምነግራት፤ ልጄ አሁን ታነባለች፣ ራሷ ማንበብ ትፈልጋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጅማ እናት